ናሙናውን አትቀይሩ

በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ የሚጠራው ለመወሰን አይደለም፤ ተወስኖ ላለቀ ነገር ለማጨብጨብ ነው። ያን ሐሙስ ጠዋትም አዳራሹ ስንገባ ውሳኔው ቀድሞን ደርሶ ነበር። ትልቁ ስክሪን ላይ፣ የድርጅቱ ዓርማ ከጎኑ እየተሽከረከረ፣ «የጀርባውን በር እንዝጋ» ይላል። ከሥሩ የቁልፍ ሥዕል አለ። ሠዓሊው በሕይወቱ በር ቆልፎ የሚያውቅ አይመስልም፤ የቁልፉን ጥርስ መያዣው ላይ ነው ያደረገው።

ሥራ አስኪያጃችንን ከጀርባው «ባለራዕዩ» እንለዋለን። ራዕይ የሚለውን ቃል ሳይጠራ ሻይ እንኳ አያዝም። ድርጅቱ የኢንተርኔት የውይይት መድረኮች ባለቤት ነው፤ አራስ እናቶች የሚመካከሩበት፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚማረሩበት፣ ዕቃ ጠጋኞች የሚከራከሩበት መድረክ አለን። ሰዎቹ ይጠይቃሉ፣ ሰዎቹ ይመልሳሉ፤ እኛ መሃላቸው ገብተን የሳሙና ማስታወቂያ እንለጥፋለን። ሥራችን ይኸው ነው። ለዚህም ሲባል አንድ ሙሉ ሕንፃ ተከራይተናል።

የጀርባ በር የተባለው ነገር እንዲህ ነው። አንድ ፕሮግራም ከመድረኩ ላይ ጽሑፍ ማምጣት ሲፈልግ የሰርቨራችንን በር ያንኳኳል። የሙያው ሰዎች በሩን ኤፒአይ ይሉታል። ፕሮግራሙ ስሙን ይናገራል፣ የሚፈልገውን ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል። በሩ እንዴት እንደሚንኳኳ የሚገልጽ መመሪያ ግን ድርጅቱ ኖሮት አያውቅም። በሩን የሠሩት ልጆች ሥራ ሲለቁ ዕውቀቱን በጭንቅላታቸው ይዘውት ሄዱ፤ ቁጭ በሉና ጻፉት ያላቸው አልነበረም። የመሸኛ ኬክ ግን ተቆርሶላቸዋል።

ይህን ጉድለት የሞላው የማናውቀው የውጭ ሰው ነው። ራሱን «ጉንዳን» ብሎ ይጠራል። በሮቻችንን አንድ በአንድ እያንኳኳ፣ የሚከፈተውን ከማይከፈተው እየለየ፣ ሙሉ መመሪያ ጻፈ፤ ከናሙና ኮድ ጋር ለማንም ክፍት አድርጎ ለቀቀው። የፈለገ ይውሰደው፣ ይቀይረው፣ ይሥራበት። ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፦ ስሜን አታጥፉ። ከላይ በጉልህ «ይፋዊ ያልሆነ መመሪያ» ብሎ ጽፎበታል። ጉንዳን ታዲያ ደግ ሰው እንዳይመስላችሁ። የጠየቀውን ሁሉ ይዘልፋል። አንዲት ልጅ «ይቅርታ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ አልገባኝም» ብትለው፣ «ሁለተኛው እንደገባሽ ማን ነገረሽ?» ብሎ የመለሰ ሰው ነው።

«ሌባ ነው» አለ ባለራዕዩ። «ቤታችንን በመስኮት እያየ ካርታ የሣለ ሌባ።»

«ካርታው እኮ እኛም ጋ የለም» አልኩ።

ባለራዕዩ የእንግዳ ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር እንደሚፈገገው ፈገግ አለልኝ። «ምሁሩ፣ አንተ በተማርክበት አገር ይሄ የተለመደ ይሆናል።»

ደስ የማይል ነገር በተናገርኩ ቁጥር ወደዚያ አገር ይመልሱኛል። እዚያ ሳለሁ ደስ የማይል ነገር ስናገር ወደዚህ ይመልሱኝ ነበር። ስብሰባው በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ የዚያኛው ወንበር ብቻ ይመቻል።

«ቢያንስ ከመዝጋታችን በፊት በዚያ በር ማን ማን እንደሚገባ እንይ» አልኩ። «የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።»

«እሱን እኔ አይቻለሁ» አለ የአፑ ኃላፊ። ይህን ሰው «አቶ ጨርሻለሁ» እንለዋለን፤ ምንም ይጠየቅ መልሱ ያው ነው። የሞባይል አፓችንን ለኮንትራክተሮች ሰጥቶ ያሠራው፣ ተረክቦም ያስመረቀው እሱ ነው።

«ምን አየህ?»

«ጨርሻለሁ አልኩህ እኮ ወንድሜ።»

«ምን እንዳየህ ነው የጠየቅኩህ።»

«ያየሁትን ነዋ የጨረስኩት!»

ተሳቀ። የተሳቀው በእኔ ነው። ባለራዕዩ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ «የሚያስፈልገን ጥናት አይደለም፣ ቆራጥነት ነው» አለ። ቆራጥነቱም ቀላል ነበር። ከእንግዲህ በሩ የሚከፈተው ሁለት ስሞችን ለተናገረ ብቻ ይሆናል፤ ለራሳችን ድረ ገጽና ለራሳችን አፕ። ሌላው ሁሉ ይመለስ። ትእዛዙን ሰርቨሩ ላይ ማን ይጻፍ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለካስ ምሁርነቴ የሚፈለገው ለዚህ ኖሯል።

«አፑ በሩ ላይ ስሙን ምን ብሎ ነው የሚናገረው?» ብዬ አቶ ጨርሻለሁን ጠየቅኩት።

«‹መድረክ-አፕ›» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

«አረጋግጠሃል?»

ምን ብሎ እንደመለሰ መጻፍ አያስፈልገኝም።

ከስብሰባው በኋላ ባለራዕዩ ቢሮ ገባሁ። ግድግዳው ላይ ተራራ የሚወጣ ሰው ፎቶ አለ፤ የሚወጣው ሰው ግን እሱ አይደለም። «ዓይነ ስውሮች የሚጠቀሙበት አንባቢ ፕሮግራም አለ» አልኩት። «የተሠራው በጉንዳን መመሪያ ነው። በሩን ከዘጋን እነሱም ውጭ መቅረታቸው ነው። ይህን ያውቁታል?»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ለነሱ በራዕያችን ውስጥ ትልቅ ቦታ አለን» አለ። «በሚቀጥለው ምዕራፍ።»

ወረድኩና ትእዛዙን ጻፍኩ። ጥቂት መስመር ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው እምቢ ይል ነበር፤ እኔ ግን ስለ እምቢታ ብዙ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ለሚመለሱትም መልእክት አዘጋጀሁላቸው፦ «ወደዚህ በር መግባት አልተፈቀደልዎትም።» አንቱታውን የጨመርኩት በራሴ ተነሳሽነት ነው።

ዓይነ ስውሮች ያልኩት ክርክሬን ለማሳመር ነበር፤ የማውቀው አንድ አጎቴን ነው።

አጎቴ ዕድሜ ልኩን ራዲዮ ሲጠግን ኖሯል። ዓይኑ ቢከዳውም እጁ አልከዳውም። ሳሎኑ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ ሆዱ የተከፈተ ራዲዮ አይጠፋም፤ ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ፣ ድምፁን በጆሮው እየለየ ይሠራል። የቀረውን ሰዓት በእኛው የጠጋኞች መድረክ ላይ ሲጣላ ይውላል። እዚያ ስሙ «አንቴና» ነው። ባላንጣው ደግሞ «መዶሻው» የሚባል፣ በአካል አግኝቶት የማያውቅ ሰው ነው። የሰሞኑ ጠባቸው በተከፈተ ቁጥር እምምም እያለ ስለሚያስቸግር አንድ አሮጌ ራዲዮ ነበር። አጎቴ ጥፋቱ የካፓሲተሩ ነው ይላል፣ መዶሻው የትራንስፎርመሩ ነው ይላል። ጠቡ ከተጀመረ አንድ ወቅት አልፎ ሌላው ተተክቷል። ራዲዮውን ገዝቶ ምክር የጠየቀው ሰውዬ ተሰላችቶ ሸጦታል፤ እነሱ ግን አላቆሙም።

ድሮ የመድረኩን ጽሑፍ የምታነብለት ሚስቱ ነበረች። እትዬ ጠብ አትወድም። መዶሻው «አንተ ደንቆሮ» ብሎ ሲጽፍ እሷ «ወንድሜ» ብላ ታነባለች። አጎቴ እያደር ጠረጠረ። «ይሄ ሰውዬ እንዲህ ጨዋ ከሆነ እኔ ምን ያናድደኛል?» ይል ጀመር። ከባሕር ማዶ ተመልሼ ለዚህ ቤት ያደረግኩት አንድ ቁም ነገር ቢኖር ያንን አንባቢ ፕሮግራም መጫኔ ነው። ሌላው የስክሪን አንባቢ ሁሉ የእኛን ገጽ ሲያነብ «ምስል፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ሳሙና፣ ቁልፍ» እያለ ይቀባዥራል፤ ገጹን የሠራነው እንደዚያ ነው። ይሄኛው ግን በጀርባው በር ገብቶ ጽሑፉን ብቻ ያመጣና በደረቅ ድምፅ ያነበዋል፤ ስድቡንም ሰላምታውንም እኩል። አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ደንቆሮ» ሲባል ሰምቶ ፊቱ በራ። «ይኸዋ!» አለ። «እኔም ብዬ ነበር!»

ቅዳሜ ከሰዓት ስሄድ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እትዬ መነጽሯን አጥልቃ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች። አጎቴ አጠገቧ፣ አንድ እጁን ራዲዮው ሆድ ውስጥ እንደከተተ ያዳምጣል።

«መዶሻው ምን አለ?»

«‹ወንድሜ አንቴና፣ ሳስበው ሳስበው አንተ ልክ ሳትሆን አትቀርም፤ ካፓሲተሩ ነው› ይላል።»

አጎቴ እጁን ከራዲዮው አወጣ። «ሞቷል ማለት ነው።»

«ምን ነካህ አንተ ሰው! በሰው ታሟርታለህ?»

«መዶሻው ልክ ነህ ካለኝ ወይ እሱ ሞቷል፣ ወይ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ያ ፕሮግራም ከሐሙስ ጀምሮ ‹አልተፈቀደልዎትም› እያለ ያንቀባርረኛል። ማነው የገባው? ሊቄ ነህ? ና እስቲ እየው።»

ሊቄ ይለኛል። ቀልድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

«በሩን ዘግተውት ነው ጋሼ» አልኩ።

«እነማን?»

«መሥሪያ ቤቴ።»

«መሥሪያ ቤት እጅ የለውም። በር የሚዘጋው ሰው ነው። ማነው?»

ከጠረጴዛው ላይ አንድ ብሎን አንስቼ ማገላበጥ ያዝኩ።

«አንተ ነህ» አለ።

«ታዝዤ ነው።»

«ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ የከረምከው ‹ታዝዤ ነው› ማለት ለመማር ነው? እሱን እዚሁ በነፃ እናስተምርህ ነበር!»

«ተወው ልጁን» አለች እትዬ፤ «ፊቱ ገርጥቷል፣ ምሳም የበላ አይመስለኝም።»

«ይብላ። በር ሲዘጋ የዋለ ሰው ይርበዋል።»

ከመብላት ኮምፒውተሩ ጋ መቀመጥ ቀለለኝ። አንባቢው በሩ ላይ የሚናገረውን ስም ቀይሬ፣ ከመሥሪያ ቤታችን ውጭ የማይታወቀውን «መድረክ-አፕ» የሚለውን አስገባሁ። የሌባ ሥራ ነው፤ ይሁን። ያ ደረቅ ድምፅ ተከፈተ። አጎቴ ወንበሩን ስቦ ቀረበ። አንዱ ስለ ውሃ ፓምፕ ጠይቋል፣ አንዱ የስልክ ባትሪ ይሸጣል። የመዶሻው ጽሑፍ የለም። ወደ ኋላ ሄድን፤ ከሐሙስ ወዲህ አንድም ቃል አልጻፈም።

«ታዲያ ‹ልክ ሳትሆን አትቀርም› ያለው ማነው?» አጎቴ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ማለቱ አይቀርም ብዬ ነው» አለች እትዬ መነጽሯን እያወለቀች።

አጎቴ አልሳቀም፤ አልተቆጣትምም። ጣቱን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያንከባልል ጀመር። «ሐሙስ ነው የዘጋኸው?»

«ሐሙስ።»

«እሱም ሐሙስ ነው የጠፋው። ሊቄ፣ መዶሻው እንደኔ ነው።»

«እንዴት እንዳንተ?»

«ማየት አይችልም። ይህን ያህል ጊዜ ስንጨቃጨቅ አንድ ቀን ‹አየሁት› ብሎ አያውቅም። ‹ሰማሁት›፣ ‹ነካሁት›፣ ‹ሸተተኝ› ነው የሚለው። እኔም እንደዚያው ነኝ። ነግሮኝም አያውቅ፣ ነግሬውም አላውቅ።» ጣቱ ቆመ። «አሁን የሆነ ቤት ተቀምጦ ‹አልተፈቀደልዎትም› እየተባለ ነው። ያውም በአንቱታ።»

«ላንተ ግን ከፈትኩልህ ጋሼ...»

«ለእኔ ብቻ ከፍተህ ምን ላድርግበት? ባዶ ቤት ገብቼ ከሳሙና ጋር ልከራከር?»

አውቶቡስ ሳልሳፈር በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። ከነዚህ ስንቱን ነው እኛ የዘጋንበት እያልኩ አሰብኩ፤ መልሱ እስከ ሰኞ አልመጣም።

አፑ ከሐሙስ ጀምሮ ሞቶ ነበር። እኛ አላወቅንም። በመሥሪያ ቤቱ የራሳችንን አፕ የሚጠቀም አንድም ሠራተኛ የለም። ደንበኛ ቅሬታ የሚያቀርበው ደግሞ በአፑ በኩል ነው፤ አፑ አይከፈትም፤ ስለዚህ ቅሬታ አልመጣም። ባለራዕዩ ሰኞ ጠዋት «በሩ ከተዘጋ ወዲህ ቅሬታ ጨርሶ ጠፍቷል» ብሎ ለሁላችንም የደስታ መልእክት ላከ። ከምሳ በኋላ የሳሙና ፋብሪካው ሰዎች ጉብኝት መጡ። ባለራዕዩ ስልኩን ከኮቱ ኪስ መዘዘና አፑን ሊያሳያቸው ከፈተ።

«ወደዚህ በር መግባት አልተፈቀደልዎትም» አለው።

እንግዶቹ በትሕትና ወደ ጣሪያው አዩ። እኔ ያቺን አንቱታ በማስገባቴ ኮራሁ።

እነሱን በሊፍት ሸኝተን ስናበቃ የአፑን ኮድ አስከፈትኩ። ታሪኩ አጭር ነው። ኮንትራክተሮቹ በሩ እንዴት እንደሚንኳኳ ድርጅቱን መመሪያ ጠይቀዋል፤ ድርጅቱ የለውም። ስለዚህ ሄደው የጉንዳንን ናሙና እንዳለ ገልብጠዋል። አፑ በሩ ላይ የሚናገረው ስም «መድረክ-አፕ» አይደለም፤ «ጉንዳን-ናሙና» ነው። ከስሙ በላይ የጉንዳን ማሳሰቢያ ሳይቀር አብሮ ተገልብጧል፦ «ይህን ስም በራስህ ስም ተካ። ካልተካህ ሰነፍ ነህ።»

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ደገምኩትም፤ አልሰማሁም ያለ ግን አልነበረም።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች የሒሳብ ሹሟ ከወደ በሩ፤ ለማየት ብቻ ነበር የመጣችው።

«ኮንትራክተሮቹ ናቸው» አለ አቶ ጨርሻለሁ።

«የተረከብከው አንተ ነህ።»

«ተረክቤ ጨርሻለሁ።»

«አላነበብከውም?»

«ኮድ ማን ያነባል?» አለ። እየቀለደ አልነበረም፤ ከልቡ ተገርሞ ነው።

ከሰርቨሩ ላይ «መድረክ-አፕ»ን አወጣሁና «ጉንዳን-ናሙና»ን አስገባሁ። አፑ ነፍስ ዘራ። አጎቴን ያሾለክሁበት ስም በዚያው አብሮ ሞተ። በሕዝቡ ስልክ ላይ የተጫነው አፕ ሁሉ ይህንኑ የናሙና ስም ስለሚናገር፣ ሰው ደግሞ አፕ ማደስ ስለማይወድ፣ ስሙን ለወራት መንካት አይቻልም። ሌባ ያልነው ሰው ስም የቤታችን ቁልፍ ሆኖ አረፈው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍራል። ባለራዕዩ ግን ዕድል ታየው።

«ሰነዱ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ የእኛ ይሁን» አለ። «የሰውየውን ስም አጥፉና ዓርማችንን አድርጉበት። ‹ይፋዊ መመሪያ› በሉት። ሐሙስ ጋዜጠኛ ጠርተን እናስመርቀዋለን።»

«ሰውየው ያስቀመጠው አንድ ቅድመ ሁኔታ እሱ ነው» አልኩ፤ «ስሜን አታጥፉ የሚል።»

«ሌባ ምን ስም አለው?»

«ባለፈው ሳምንት ሌባው እሱ ነበር፤ ዛሬ ግን ተራው የእኛ ነው።»

«ምሁሩ፣ ትሠራዋለህ ወይስ አትሠራውም?»

«አልሠራውም።»

ቃሉ ሲወጣ ቀላል ነበር። ያን ሐሙስ ብለው ኖሮም ይህንኑ ያህል ይቀል ነበር ማለት ነው፤ ይህን ማወቄ ግን አላስደሰተኝም።

«እኔ እጨርሰዋለሁ» አለ አቶ ጨርሻለሁ።

ከሥራ እንደወጣሁ ለጉንዳን ጻፍኩ። ክፍት ኮድ ላይ ወጉ እንዲህ ነው፤ ማሻሻያህን ትልካለህ፣ ባለቤቱ ይመረምረዋል፣ ካመነበት ይቀበለዋል፤ ንግግሩ ሁሉ በአደባባይ ነው፣ የፈለገ ያነበዋል። አንባቢ ፕሮግራሙንም የሚያስተዳድረው ጉንዳን ራሱ ነው። ማሻሻያዬ አንዲት ስም ብቻ ነበረች፦ አንባቢው በሩ ላይ «ጉንዳን-ናሙና» ይበል። እንዲህ ከሆነ አንባቢው በተከፈተ ቁጥር ራሱን ስለሚያድስ፣ መዶሻውም የትም ይሁን የት ይገባል።

መልሱ ወዲያው መጣ። «አይሆንም። ናሙና ለናሙና ነው። ማሳሰቢያውን ማንበብ አቅቶህ ነው?»

«አንብቤዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። «ግን አሁን ለሌላ ሰው የሚከፍተው ይህ ስም ብቻ ነው። ሞክረው።»

«ሞከርኩት፤ ይከፍታል። ለምን እንደሚከፍት ነው የማላውቀው። ምክንያቱ የማይታወቅ ነገር እዚህ መመሪያ ውስጥ አይገባም። የሚያውቅ ካለ በሙሉ ስሙ ፈርሞ ይጻፍ። አሉባልታ አልቀበልም።»

አጠገቤ ቢሆን አንገቱን ነበር የማንቀው። የሚያናድደው ደግሞ ልክ መሆኑ ነው። ምክንያቱን መጻፍ ማለት የመሥሪያ ቤቴን ገመና በስሜ አደባባይ ማስጣት ነው፤ በማግሥቱ ዕቃዬን በካርቶን ታቅፌ እወጣለሁ። ያውም ለምን? ሁለት ሽማግሌዎች ተመልሰው እንዲሰዳደቡ። እዚያም ተማርኩ እዚህ፣ በየትኛውም ሚዛን ይህ አያዋጣም። ሥራ ፍለጋ እንደገና ደጅ መጥናት፣ እንደገና «ለምን ተመለስክ?» መባል። ምናልባት እንደገና መሄድ። ደግሞ ከዚያ መመለስ።

ከዚያ አጎቴ ከሳሙና ጋር ሲከራከር ታየኝ።

ጻፍኩት። የድርጅቱ አፕ ከናሙናው ተገልብጦ መሠራቱን፣ ስሙን የቀየረ ሰው አለመኖሩን፣ በዚህም የተነሳ ድርጅቱ ይህን ስም ለመዝጋት የራሱን አፕ መግደል እንዳለበት ጻፍኩ። ከሥሩ ሙሉ ስሜንና የሥራ ድርሻዬን።

ጉንዳን ዘገየ። ስልኬን አስቀምጬ አነሳሁት፣ አስቀምጬ አነሳሁት። በመጨረሻ እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርህ አራት ነጥብ የለውም።»

አስገባሁለት። ተቀበለው። አመሰግናለሁ አላለም፤ ግን መመሪያው መግቢያ ላይ የራሱን ማስታወሻ ጨመረ፦ «የመድረኩ ባለቤት የሆነው ድርጅት ናሙናውን ሳያነብ ገልብጦ ስለሚጠቀም፣ በሩ የሚከፈተው በናሙናው ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ናሙናውን አትቀይሩ። ከዚህ ቀደም ያልቀየራችሁትን ሰነፍ ብያችሁ ነበር፤ ይቅርታ፣ ከእናንተ የባሰ ተገኝቷል።»

ሐሙስ አዳራሹ አበባ ለብሶ ጠበቀን። አቶ ጨርሻለሁ ሥራውን እስከዚያው ጠዋት አሳድሮት ነበር፤ ጠዋት የመመሪያውን የመጨረሻ ቅጂ ወሰደ፣ የጉንዳንን ስም ከላይ ቆረጠ፣ ዓርማችንን ለጠፈ፣ ጨረሰ። ባለራዕዩ መጋረጃ የሚገልጥ ይመስል እጁን ዘርግቶ ሰነዱን ስክሪኑ ላይ አስከፈተ። የመጀመሪያው ገጽ ወጣ። ከሚሽከረከረው ዓርማችን ሥር፣ «ይፋዊ መመሪያ» ከሚለው ወፍራም ፊደል ቀጥሎ፣ የጉንዳን ማስታወሻ ከነይቅርታው ቁጭ ብሏል።

ባለራዕዩ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ስለ ራዕይ አወራ። ጋዜጠኞቹ የሱን ፎቶ አነሱ። አቶ ጨርሻለሁ ስልኩን ይነካካ ነበር። የሒሳብ ሹሟ ብቻ ስክሪኑን አንጋጣ ስታነብ አየኋት፤ አንብባ ስትጨርስ አፏን በመሐረብ ሸፈነች። ከዚያ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ።

ቅዳሜ አጎቴ ቤት ስደርስ በሩ ላይ ነው የጠየቀኝ።

«አባረሩህ?»

«አላባረሩኝም።»

«በስምህ ፈርመህ አደባባይ ላይ አልጻፍክም እንዴ? እትዬህ አንብባልኛለች። ይሄን እንኳ ሳታለሳልስ።»

«ጽፌያለሁ። እነሱም በራሳቸው ዓርማ ሥር አውጥተውታል። እስካሁን ያነበበው የለም።»

አጎቴ አሰበበት። «እንግዲህ ለመባረርም የሚያነብ አለቃ ያስፈልጋል» አለ። «ከሆነ ሥራህ አስተማማኝ ነው። ጡረታ ትወጣበታለህ።»

ይህን ከዛቻ ለይቼ ማየት አልቻልኩም።

ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥን። አንባቢው ተከፈተ። ደረቁ ድምፅ የውሃ ፓምፑን አነበበ፣ ባትሪውን አነበበ። አጎቴ አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ እጁ ራዲዮው ላይ ነው፣ ግን አይሠራም። እትዬ ከኋላችን ቆማለች።

«መዶሻው» አለ ድምፁ። «ለአንቴና። አንተ ደንቆሮ። ይህን ሁሉ ቀን ድምፅህ የጠፋው ትራንስፎርመሩ መሆኑ ገብቶህ አፍረህ ነው። ልጄ ስታነብልኝ ‹አንቴና ይቅርታ ጠይቆሃል› ብላ አስደነገጠችኝ። ሞተ ብዬ ሰው ልልክ ነበር፤ ቤትህን ባውቀው። በል አሁን ስለ ካፓሲተር የምትቀባጥረውን ጀምር።»

አጎቴ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀ ይሁን ሌላ ነገር ለማየት አልሞከርኩም።

«ምን አለ?» አለች እትዬ፣ እንዳልሰማ ሰው።

«ሰደበኝ።»

«ተመስገን» አለች፤ መነጽሯንም አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።